የጓዳው ሕክምና፦ መንቀሳቀስ የሚቸግራቸው ልጆችና የወላጆቻቸው እጅ

የ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ሲነሣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ሰው ነው። አበበ ቢቂላ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶኑን ወርቅ አጠለቀ። ከእሱ ሁለት ቀን ቀደም ብላ በዚያው ከተማ ሦስተኛ ወርቋን ያጠለቀች አንዲት የ20 ዓመት አሜሪካዊት ነበረች፤ ዊልማ ሩዶልፍ። በ100 ሜትርም፣ በ200 ሜትርም፣ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብልም የቀደማት አልተገኘም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያቺ ሴት በልጅነቷ በግራ እግሯ መቆም አትችልም ነበር። በቴነሲ ግዛት፣ ክላርክስቪል በምትባል ከተማ፣ 22 ልጆች ባሉበት ቤተሰብ 20ኛ ሆና ያለ ጊዜዋ ተወለደች። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ፖሊዮ ያዛት፤ የእኛ ሰው የልጅነት ልምሻ የሚለው በሽታ ነው። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በአንድ ሆስፒታል የማይታከሙበት ነበርና እናቷ ብላንች ጥቁሮችን ወደሚቀበለው ናሽቪል ወደሚገኘው የሜሃሪ ሆስፒታል፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአውቶቡስ ታመላልሳት ጀመር። ብላንች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ በየቀኑ ናሽቪል መመላለስ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ የሆስፒታሉ ሰዎች እግሩ እንዴት እንደሚታሽ አሳዩአት። እሷም ቤቷ ገብታ ለታላላቆቹ ልጆች አሳየች። ከዚያ ወዲህ በቀን አራት ጊዜ ተራ ገብቶ ያንን እግር የሚያሽ የቤተሰብ ሰው አይታጣም ነበር። 12 ዓመት ሲሆናት ልጅቷ የእግር ብረቷን አውልቃ ከእኩዮቿ ጋር ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር።

ሆስፒታሉ በሳምንት አንዴ ነው፤ የቀረው ቀን ሁሉ የቤት ነበር። ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ሕክምና የተጻፉ ታሪኮች ግን የሐኪሙንና የዘዴውን ባለቤት ስም ይመዘግባሉ እንጂ ወደ ቤቱ እምብዛም አይገቡም። ታሪኩን ከቤት በኩል ሆኖ ያየው ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ሥራው መጀመሪያ የእናቶች ነበረ፤ ኋላ ባለሙያዎች ወሰዱት፤ ከዚያም በተለያየ ጊዜና በተለያየ አገር ወደ እናቶች መለሱት። ሲመልሱት አንዳንዴ እፎይታ ይዞ መጣ፤ አንዳንዴ ደግሞ ወገብ የሚሰብር ሸክም ሆነ።

ጅማሬው የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሕፃን ማሸት በየአገሩ ያለ ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያም አራስ ቤት ውስጥ ሕፃኑ በቅቤ እየታሸ፣ እጅና እግሩ እየተሳሳበ ያድጋል። የወለቀውን የሚመልስና የተሰበረውን የሚያስር ወጌሻም በየአካባቢው አለ። ልጅ ቆሞ መሄድ ሲዘገይበት የብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ደጃፍ ጠበል ወይም ወጌሻ ነው። አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መነገር አለበት። በእግሩ ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፤ የተገተረ እግሩን በኃይል ለማቅናት የሚደረግ ትግል ጭኑን ሊሰብር ይችላል። ለብ ባለ ቅቤ ቀስ ብሎ ማሸትና ጉልበትን በግድ መዘርጋት ለየቅል ናቸው።

ለእነዚህ ልጆች ችግር በሕክምናው ዓለም የመጀመሪያውን ጥርት ያለ መግለጫ የሰጠው ራሱም በልጅነቱ የታመመ ሰው ነበር። ዊሊያም ጆን ሊትል የለንደን የጠጅ ቤት ባለቤት ልጅ ነው፤ ገና ሕፃን ሳለ በያዘው በሽታ ግራ እግሩ ተቆልምሞ ቀረ። ሐኪም ከሆነ በኋላ በ1836 ጀርመን ሃኖቨር ድረስ ሄዶ ሉዊ ሽትሮማየር በተባለ ቀዶ ሐኪም የተረከዙን ጅማት አስቆርጦ እግሩን አቀና፤ ያንኑ ዘዴ ተምሮም ለንደን ይዞ ገባ። በ1861 በዚያው ከተማ ለማዋለጃ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ እጅና እግራቸው የተገተረ፣ ጭናቸው የሚጠላለፍ፣ ዘግይተው የሚሄዱ ልጆችን ገለጸና ምክንያቱን ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያያዘው። በሽታው ለረጅም ጊዜ በእሱ ስም ሲጠራ ቆይቶ ኋላ ሴሬብራል ፓልሲ ተባለ፤ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው።

ሊትልን ከተቃወሙት አንዱ ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ፍሮይድ በሥነ ልቦና ከመታወቁ በፊት የነርቭ ሐኪም ነበር፤ በ1897 ባወጣው መጽሐፍ የወሊዱ መክበድ ራሱ ቀድሞ በማኅፀን ለተፈጠረ ችግር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ለብዙ ዓመታት የሰማው አልነበረም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች ግን በወሊድ ጊዜ መታፈን ብቻውን የሚያስረዳው ከእነዚህ ልጆች ጥቂቶቹን መሆኑን አሳዩ። እርግጥ ነው፣ አዋላጅ በሌለበት አገር የወሊድ መታፈን፣ የአራስ ልጅ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትርና ከባድ ወባ ድርሻቸው ከፍ ያለ ነው። ቢሆንም ክርክሩ የሐኪሞች ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ምን በድዬ ነው ስትል ለምታድር እናት መልሱ ትልቅ ነገር ነው። ልጇ የተጎዳው በእሷ ኃጢአትም በእርግማንም አይደለም።

ስለ ምክንያቱ ሲከራከሩ ስለ ሕክምናው ግን የሚያውቁት ትንሽ ነበር። ቢላዋ፣ ጄሶና ብረት ነበሩ። የእንቅስቃሴው ትምህርት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለ ስዊድናዊ በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ከፍቶ ማሸትንና የተለካ እንቅስቃሴን በአንድ ላይ ያስተምር ነበር። ዘዴው አውሮፓን ሲዞር ከተማሩት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በ1894 አራት የእንግሊዝ ነርሶች ስማቸውን ከአጭበርባሪዎች ለመለየት የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር አቋቋሙ። የዛሬው የእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒ ማኅበር የዚያ ተተኪ ነው። ሙያው በዚህ መንገድ ክብር አገኘ። ክብሩ ግን አጥር ነበረው፤ ማሸት የሚችለው የተመሰከረለት ሰው ብቻ ነው ሲባል እናትና አያት ከአጥሩ ውጭ ቀሩ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጥሩን የነቀነቀው ፖሊዮ ነው። የዘመኑ ሐኪሞች የታመመው እግር እንዳይጣመም ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት፣ በጄሶና በእንጨት አስረው ያስተኙ ነበር። ኤልዛቤት ኬኒ የተባለች የአውስትራሊያ የገጠር ነርስ ይህን ተቃወመች። በኩዊንስላንድ በፈረስ እየዞረች ታክም የነበረች፣ ኮሌጅ ያልረገጠች ሴት ናት። በራሷ የሕይወት ታሪክ እንደተረከችው በ1911 አንዲት በሕመም የምትጮኽ ሕፃን አጋጠማትና ለሐኪም ቴሌግራም ልካ አጥጋቢ መልስ ስታጣ በእጇ ያለውን ተጠቀመች፤ የሱፍ ብርድ ልብስ ቀደደች፣ በፈላ ውኃ ነከረች፣ አጥብቃ ጨመቀችና የተኮማተረውን ጡንቻ ጠቀለለች። ጡንቻው ሲላላ ደግሞ እግሩን ቀስ አድርጋ እያንቀሳቀሰች ልጅቷ ራሷ እንድትሞክር ታበረታታ ነበር።

የኩዊንስላንድ መንግሥት ያቋቋመው የሐኪሞች ኮሚሽን በ1938 ዘዴዋን ነቀፈ። ኬኒ በ1940 ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ሚኒያፖሊስ ላይ የሚያምናት አገኘች፤ በ1942 በስሟ ተቋም ተከፈተ። ስለ በሽታው የሰጠችው ማብራሪያ ስሕተት ነበር። በሽታው የሚያጠቃው የአከርካሪ ውስጥ ነርቭን ሲሆን እሷ የምታወራው ስለ ጡንቻ ነበር። ሆኖም ልጅን አስሮ ማስተኛት እንዲቀር ያደረገችው ከሁሉም በላይ እሷ ናት። ጨርቁና የፈላው ውኃ ደግሞ በማንም ቤት የሚገኝ ነገር ነበር፤ በወረርሽኙ ዓመታት ስንት የአሜሪካ እናት በማእድ ቤቷ ሱፍ ስትጨምቅ እንደዋለች የቆጠረ የለም። በ1955 የሶልክ ክትባት ሲመጣ የፖሊዮው ማዕበል በሀብታሞቹ አገሮች ጋብ አለ።

ያን ጊዜ ነው ዓይኖች በሙሉ ወደ ሴሬብራል ፓልሲ የዞሩት። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው ለንደን የገቡ አይሁዳውያን ባልና ሚስት፣ ካሬል ቦባትና በርታ ቦባት፣ የመሪነቱን ቦታ ያዙ። እሱ ሐኪም፣ እሷ የጂምናስቲክ መምህርት ነበረች። በ1940ዎቹ በርታ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የተገተረ አንድ የታወቀ ሠዓሊ ስታክም እንዴት እንደምትይዘው በመለወጥ ብቻ የክንዱ ግትርነት ሲላላ አየች። ከዚያ የተነሣው ዘዴ በ1951 በለንደን በከፈቱት ማዕከል አድጎ ዓለምን አዳረሰ። በእነሱ ዘመን ይህን ሥራ ለመማር ለንደን የልዩ ልዩ አገር ባለሙያዎች መናኸሪያ ሆነች።

በማዕከሉ ከሚሠሩት አንዷ ናንሲ ፊኒ በ1968 ለወላጆች ያወጣችው መጽሐፍ ግን በዚህ ጸሐፊ ዓይን ከዘዴው ራሱ ይበልጣል። መጽሐፉ አካል ጉዳተኛን ሕፃን በቤት ውስጥ ስለ መያዝ የሚናገር ነው፤ በቀላል ሥዕሎች የተሞላ ነው፤ በብዙ ቋንቋም ተተርጉሟል። ፊኒ እናትየዋን ቁጭ ብለሽ በቀን ይህን ያህል ሰዓት እግሩን አሠሪ አላለቻትም። የሚሸከሙትን፣ የሚያለብሱትን፣ የሚያጥቡትን፣ የሚያጎርሱትን ልጅ እንዴት እንደሚይዙት ነው ያሳየችው። ጭኑ እንደ መቀስ የሚቆላለፍ ልጅ ቀጥ ብሎ በክንድ ላይ ከተጋደመ ይብስበታል፤ እግሮቹ ተከፍተው በእናቱ ዳሌ ላይ ሲንፈራጠጥ ግን ይላላል። ሸሚዝ ሲለብስ የባሰው እጅ አስቀድሞ ይገባል፤ ሲወልቅ በመጨረሻ ይወጣል። ሲመገብ ራሱ ወደ ኋላ ከተቃና ምግቡ ትን ይለዋል፤ ስለዚህ የሚያጎርሰው ሰው ፊት ለፊቱ፣ ከእሱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ አገጩም በትንሹ ወደ ታች ያዘነብላል።

እነዚህን ነገሮች ያነበበ ሰው አንቀልባን ማሰቡ አይቀርም። በኢትዮጵያ ልጅ በጀርባ ሲታዘል ጭኖቹ ተከፍተው፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ደረቱ ከእናቱ ጀርባ ጋር ተጣብቆ ነው፤ የለንደኖቹ ባለሙያዎች ለተቆላለፈ እግር ከመከሩት አያያዝ የራቀ አይደለም። ችግሩ ልጁ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ያኔ የእናትየዋ ወገብ ይከዳታል።

ቤት ግን ሌላም ነገር ሊሠራበት ይችል ነበር። በፊላደልፊያ ግሌን ዶማንና ካርል ዴላካቶ በ1950ዎቹ አንድ መርሐ ግብር አወጡ። ልጁ በጠረጴዛ ላይ በደረቱ ይተኛል። አንድ ሰው ራሱን ያዞራል፤ ሌሎች እጁንና እግሩን ይይዙና በልክ በልክ የመዳህ እንቅስቃሴ ያስደርጉታል። ለአንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ፣ ሰባቱንም የሳምንቱን ቀናት። ከሦስት እስከ አምስት ጎልማሳ ስለሚፈልግ ጎረቤቱ ሁሉ በሰልፍ ይጠራል፤ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ እንግዳ አይለየውም። ወላጆች ተስፋውን ስለሚፈልጉት ሥራቸውን ትተው፣ ሌሎች ልጆቻቸውን ረስተው ገቡበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1968 ከሌሎች ማኅበራት ጋር፣ በ1982ና በ1999 ደግሞ በራሱ ስም፣ ዘዴው እንደሚባለው ለመሥራቱ ማስረጃ የለም፣ ቤተሰብንም ይጎዳል ሲል አስጠነቀቀ። ያን ሁሉ ድካም የደከመ ወላጅ ልጁ ሳይለወጥ ሲቀር ጥፋቱን በራሱ ላይ ነበር የሚያላክከው፤ አንዲት ቀን ስላለፈች ነው፣ አንዲት ሰዓት ስለጎደለች ነው እያለ። የዚህ መርሐ ግብር ከባዱ በደል ይሄ ነው።

ሌሎች አገሮች ሌላ መንገድ ያዙ። ከቼኮዝሎቫኪያ በ1968 ወደ ጀርመን የወጣው ሐኪም ቫትስላቭ ቮይታ የሰውነት ነጥቦችን በመጫን ሕፃኑን የሚያንቀሳቅስ ዘዴ ነበረው፤ ወላጅ ተምሮ በቀን በርከት ያለ ጊዜ በቤቱ ይፈጽመዋል። ሕፃናቱ ስለሚያለቅሱ ብዙ እናት እያነባች ነበር የምትሠራው። ቡዳፔስት ላይ አንድራሽ ፔቶ በተቃራኒው ልጆቹን ከቤት አውጥቶ በአዳሪ ተቋም ቀኑን ሙሉ በዘፈንና በቡድን ያሠለጥን ነበር። በ1986 ቢቢሲ ስለ ተቋሙ ፊልም ካሳየ በኋላ ብዙ የእንግሊዝ ቤተሰብ ሻንጣውን ሸክፎ ሃንጋሪ ገባ። አንዱ ቤቱን ክሊኒክ ያደርገዋል፤ ሌላው ልጁን ከቤት ያወጣዋል። በሁለቱም የወላጁ ኑሮ የሚናጋ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ክሊኒክም ብርም ከሌለበት ቦታ ነው። በሜክሲኮ ሲናሎዋ ግዛት፣ ተራራ ሥር ባለች አሆያ በምትባል መንደር፣ ዴቪድ ወርነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት መምህር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር የጤና ሥራ ይሠራ ነበር። ሐኪም በሌለበት ቦታ ስለ ጤና የጻፈው መጽሐፉ በብዙ አገር ታውቋል። ወርነር ራሱ እግሩንና እጁን የሚያሰንፍ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ መሳሳት አለበት፤ ልጅ ሳለ ያደረጉለት ድጋፍ ጫማ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳው እንደነበር ተናግሯል። በ1981 አሆያ ውስጥ አካል ጉዳተኛ የሆኑ የመንደር ጤና ሠራተኞች ራሳቸው ፕሮሂሞ የተባለውን ማዕከል ከፈቱ። የሚያክሙት፣ ብረት የሚበይዱት፣ ዊልቸር የሚሠሩት እነሱ ነበሩ።

ከዚያ የወጣው የ1987ቱ መጽሐፍ ስለ አካል ጉዳተኛ የገጠር ልጆች ነው፤ ከ600 ገጽ በላይ ነው፤ ገጾቹ በእጅ በተሣሉ ሥዕሎች የተሞሉ ናቸው። ሥዕሎቹ ውስጥ ያለው ቤት ጭቃ ቤት ነው፤ ግቢው አፈር ነው። መቆም ለሚማር ልጅ ግቢ ውስጥ አራት እንጨት ይተከልና በላዩ ሁለት አግዳሚ ይታሰራል፤ ቁመቱ በልጁ ዳሌ ልክ ነው። ጭኑ ለሚቆላለፍ ልጅ ግንድ ይጋደምለትና ተንፈራጦ ይቀመጥበታል። መጽሐፉ ይህን ሲያሳይ ለምን እንደሆነም ይናገራል፤ ምክንያቱን ያወቀ ወላጅ ልጁ ሲያድግ እንጨቱን ከፍ ያደርገዋልና። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዘመን ይህንኑ መንገድ ይዞ ነበር። ኤይናር ሄላንደርና ሦስት ባልደረቦቹ ለዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች ሲሞክሩት የቆዩት ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ መመሪያ በ1989 ወጣ። አንድ ችግር በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ተለይቶ ለቤተሰብ ይሰጣል፤ የሠፈሩ ሰው ያግዛል፤ ባለሙያው ከበድ ያለውን ያያል።

ዚምባብዌ ውስጥ ቤቪል ፓከር የተባለ መምህር ከካርቶንና ከአሮጌ ጋዜጣ፣ በዱቄት ሙጫ እየለጠፈ፣ ጠንካራ መቀመጫና መቆሚያ መሥራት አስተማረ። ለአንድ ልጅ ተለክቶ የሚሠራ ወንበር ነው፤ ጎኑን ደግፎ፣ በጭኖቹ መካከል ጉብታ አድርጎ፣ ከፊቱ ጠረጴዛ ዘርግቶ። ዋጋው የሙጫው ዱቄት ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ እጁ ነፃ ይሆናል፤ ሲበላም ትን የሚለው ይቀንሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ይቀርባል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይታ ብትገባም ባዶ እጇን አልነበረችም። በ1962 የቼሻየር ድርጅት በሀገሪቱ ሥራ ጀመረ፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ መናገሻ ያለው ማዕከል በፖሊዮ እግራቸው የሰለለ ልጆችን ተቀብሎ ብረትና ምርኩዝ እየሰጠ፣ እያስቆመ ወደ ወላጆቻቸው ሲመልስ ኖሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ የተቋቋመው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲል የተሃድሶ ሙያን ወደ አገር አስገባ። ራሱ አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሲሆኑ ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተላከ፤ በ1970ም እዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ። ለጀግናው አውሮፕላን ተገኘለት። በዚያው ዓመት የሰሜን ሸዋ ወይም የጋሞ ልጅ እግሩ ሲሰልል የነበረው የእናቱ ጀርባ ብቻ ነበር። የክትባት ፕሮግራም በ1980 ተጀምሮ ፖሊዮ እየቀነሰ ሄደ፤ የመጨረሻው የዱር ቫይረስ ታማሚ በሶማሌ ክልል በ2014 ተመዘገበ።

የፊዚዮቴራፒ የዲግሪ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ግን ገና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከትምህርቱ ጎን የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ሥራ አለው፤ ሠራተኞቹ በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆቹን ካሉበት ያገኛሉ። ብዙ ጊዜ ልጁ የሚገኘው ከእንግዳ ዓይን ተሸሽጎ በጓዳ ነው። የመጀመሪያው ሥራ እግር ማሠራት ሳይሆን ልጁን ወደ ደጅ፣ ወደ ብርሃን ማውጣት ይሆናል።

የቤት ሥራው ፍሬ ጎልቶ የታየው በቆልማማ እግር ላይ ነው። ስፔናዊው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አዮዋ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከባዱን ቀዶ ሕክምና ትቶ እግሩን በየሳምንቱ በእጁ ቀስ እያለ እያቃና ጄሶ ያስር ነበር። ጽሑፉን በ1963 ቢያወጣም ሙያተኞች ለ30 ዓመት ፊት ነሱት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘዴውን ያስፋፉት ወላጆች ናቸው፤ ልጆቻቸው የዳኑላቸው በኢንተርኔት እየተጻጻፉ ሐኪሞችን አስገደዱ። ዛሬ በ2008 አዲስ አበባ የተከፈተውን የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ጨምሮ በኢትዮጵያም በብዙ ሆስፒታል ይሠራበታል። ጄሶው ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ የወላጅ ነው፤ በአግዳሚ ብረት የተያያዘ ጥንድ ጫማ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራትና አምስት ዓመት ዕድሜ ሌሊት ሌሊት ይደረጋል። እናትየዋ ተረከዙ የጫማውን ሶል መንካቱን እያየች ማሰሪያውን ታጠብቃለች። እግሩ ተመልሶ የሚቆለመመው አብዛኛውን ጊዜ ጫማው ሲቀር ነው። ልጁ ሲያለቅስ አማትና ጎረቤት አውልቂለት ሲሏት እሷ መጽናት አለባት፤ ስለዚህ ክሊኒኮቹ አባትየውንም ጠርተው ማስረዳት ልማድ አድርገዋል።

ባለሙያውን ራሱን ወደ ቤት የላከ አገርም አለ፤ በአሜሪካ በ1986 የወጣ ሕግ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ባለሙያ ወደ ቤት እንዲሄድ በር ከፈተ። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚያገኙት ይህ አገልግሎት እስከተቻለ ድረስ ቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ መሆኑን የማያውቅ ወላጅ ግን በምልክት ለመግባባት ይገደዳል።

ምን ያህል ይበቃል የሚለውን ጥያቄ በደንብ የመለሰችው አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ አዮና ኖቫክ ናት። በ2009 ባሳተመችው ጥናት ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው 36 ልጆች በዕጣ ተከፋፈሉ። ግቡን ቤተሰቡ መረጠ፤ ባለሙያው አሠራሩን አሳየ፤ ወላጆች በቤታቸው በወር በአማካይ 17.5 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 16.5 ደቂቃ ያህል ሠሩት። በስምንት ሳምንት ልጆቹ ምንም መርሐ ግብር ካልተሰጣቸው ልጆች ይበልጥ ተሻሽለው ተገኙ። ከአራት ዓመት በኋላ ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ግምገማ ደግሞ ልጁ ተኝቶ ሌላ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ሕክምና ሁሉ፣ ከቦባት ዘዴም ብዙው፣ ማስረጃው ደካማ ሆነ። ልጁ ራሱ የፈለገውን ሥራ ደጋግሞ መሞከሩ፣ ማንኪያ መያዙ፣ ከወንበር መነሣቱ፣ ጫማውን ማውለቁ፣ በልጦ ተገኘ። የፊላደልፊያው ጠረጴዛ በየቀኑ፣ ከነሰው ብዛቱ፣ ከጠየቀው ጋር ሲነጻጸር በሁለት ቀን አንዴ ያህል 17 ደቂቃ ትንሽ ነው፤ እንጀራ ጋግራ፣ ውኃ ቀድታ፣ ሌሎች ልጆችን ትምህርት ቤት ለምትልክ እናት ግን የሚቻል ነው።

በኢትዮጵያ ቤት ለቤት የሚዞር ሠራተኛ አለ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል። በመጀመሪያ የያዟቸው ጥቅሎች 16 ነበሩ፦ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ ወባና ሌሎችም። ተሃድሶ ከ16ቱ አንዱ አልነበረም። ዘጠኝ ወር ሞልቶት ራሱን ያላቀና ሕፃን ያለባትን እናት ሠራተኛዋ ክትባቱን ጠይቃት ታልፍ ነበር። እንዴት እንደሚታዘል፣ ሲመገብ ራሱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ በጎኑ ጋቢ ጠቅልሎ እንዴት እንደሚደገፍ በሥዕል የሚያሳየው የአሆያው መጽሐፍ በዚያን ጊዜ ታትሞ ከወጣ 16 ዓመት አልፎት ነበር።